አንባቢ ይጠይቃል፦ የፌንሲንግን ሕግ ማን አወጣው?

ባለፈው እትም ስለ ኦሊምፒክ ስፖርቶች ስጽፍ ፌንሲንግን፣ ማለትም በሻሞላ የሚደረገውን ፍልሚያ፣ በሁለት አንቀጽ ነክቼው አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣልኝ ጥያቄ ብዙ ነው። አብዛኛው ደግሞ ከዚሁ ከጅማ፣ ከጎረቤቶቼና ድሮ ካስተማርኳቸው ልጆች ነው። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ የፌንሲንግ ነው። የውጭ አገር ታሪክ ስለሚበዛበት ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሄርማታ ነው። የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የፓሪሱን ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን ካየች ወዲህ ከፌንሲንግ ሌላ ወሬ የላትም። ማታ ማታ በእንጨት ማማሰያ በሩን ትወጋዋለች። በቀደም ለታ "አባዬ፣ የዚህን ስፖርት ሕግ ማን ነው ያወጣው? አለቃውስ ማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። የአንድ አገር የፌንሲንግ ፌዴሬሽን የሚባለው ነገር ከየት ተነስቶ ነው ፌዴሬሽን የሚሆነው?

መልስ፦ ደኅና ነኝ ወንድሜ፣ ተመስገን። ልጅዎን በእኔ ስም ያመስግኑልኝ። ብዙ ሰው ስለ ፌንሲንግ የሚጠይቀው ማን እንዳሸነፈ ነው። እሷ የጠየቀችው ሕጉን ማን እንዳወጣው ነው። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

እግር ኳስ ላይ ኳሷ መረብ ውስጥ ስትገባ ስታዲየሙ ሁሉ ያያል። ሩጫ ላይ ቀድሞ የገባው ይታወቃል። የሻሞላ ጫፍ ግን ደረት ነክቶ የሚመለሰው ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ነው። ሁለቱም ተፋላሚዎች "ነክቼዋለሁ" ይላሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚሉት። ታዲያ ማን ይመን?

ይህን የማውቀው ስለኖርኩበት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ስፖርት ላጠና ኪየቭ ተልኬ ነበር። እዚያ ሳብር ተማርኩ። ፌንሲንግ እንደ ሻሞላው ሦስት ዓይነት ነው፤ ፎይል፣ ኤፔና ሳብር። በፎይልና በኤፔ የሚነካው በጫፍ ብቻ ነው። በሳብር ግን በጫፍም በጎንም መምታት ይቻላል። ያኔ ፎይልና ኤፔ ሻሞላው ሲነካ በሚበራ የኤሌክትሪክ መብራት ይዳኙ ነበር፤ ሳብር ገና ነበር። በኦሊምፒክ ሳብር በመብራት የተዳኘው በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው። እኛ ስንማር የሚፈርደው የሰው ዐይን ብቻ ነበር።

ዋናው ዳኛ መሀል ላይ ይቆማል። አራት ረዳቶች ደግሞ በአራቱ ማዕዘን ይቆማሉ፤ ለእያንዳንዱ ተፋላሚ ሁለት ሁለት። እኔም ተራዬ ሲደርስ ማዕዘን ላይ እቆም ነበር። ከአንዱ ተፋላሚ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብለህ ትቆማለህ። የምታየው ግን አጠገብህ ያለውን ሰው አይደለም። የእሱ ሻሞላ የወዲያኛው ሰው ገላ ላይ ማረፉን ነው የምታየው። ያረፈ ሲመስልህ እጅህን ታነሳለህ። ዋናው ዳኛ ያስቆማቸዋል። ከዚያ የሆነውን አንድ በአንድ ይተርካል፤ ማን ቀድሞ አጠቃ፣ ማን ከለከለ፣ ማን መለሰ። በየደረጃው ወደ እኛ ዞር ብሎ ይጠይቃል። መልሳችን ከአራቱ አንዱ ነው። "አዎ"፣ "የለም"፣ "አዎ፣ ግን ከተፈቀደው ቦታ ውጭ"፣ ወይም "አላየሁም"።

የእያንዳንዱ ረዳት ድምፅ አንድ ነው። የዋናው ዳኛ ድምፅ አንድ ተኩል ነው። በአንድ በኩል ያለነው ሁለታችን ከተስማማን ሁለት ስለምንሆን ዋናውን ዳኛ እንረታዋለን። ከተለያየን የእሱ አንድ ተኩል ይወስናል። እሱም ካላየ ነጥብ የለም።

አንድ ተኩል! ይቺን ቁጥር አንድ ሰው ከመሬት ተነስቶ አላመጣትም። ሰዎች ተጣልተው፣ ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው የጻፏት ናት። ፌዴሬሽን የሚባለው ነገር የሚነሳው ከዚህ ነው። ቢሮውና ማኅተሙ በኋላ የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያ "ነጥብ ማለት ምንድን ነው?" በሚለው ላይ መስማማት አለ።

የአሜሪካንን ልንገርዎት፣ ታሪኩ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ከ1891 በፊት እዚያ አገር ፌንሲንግን የሚያስተዳድረው ብዙ ስፖርቶችን ባንድ ላይ ጠቅልሎ የያዘ ትልቅ የአማተር ማኅበር ነበር። ተፋላሚዎቹ በአስተዳደሩ ደስተኛ አልነበሩም። በ1891 በሚያዝያ ወር ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ስሙን የአሜሪካ አማተር ፌንሰሮች ሊግ አሉት። በዓመቱ፣ በ1892፣ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሻምፒዮና አካሄዱ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ግሬም ሃመንድ የሚባሉ የነርቭ ሐኪም ነበሩ። እስከ 1925 ድረስ መሩት። ሰውየው ወንበር ላይ ብቻ የተቀመጡ መሪ አልነበሩም። በ1912 ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ላይ በ54 ዓመታቸው ሻሞላ ይዘው ራሳቸው ተወዳድረዋል። እንዲህ ያለ መሪ ሳይ ደስ ይለኛል። የሚመራውን ነገር በገዛ ክንዱ ያውቀዋል።

ለልጅዎ ይህንንም ይንገሯት። ሊጉ በ1912 ለሴቶች አገር አቀፍ የፎይል ሻምፒዮና ጀመረ። ኦሊምፒክ ለሴቶች ፎይል በሩን የከፈተው በ1924 ነው። ኤፔ ለሴቶች የተፈቀደው በ1996፣ ሳብር ደግሞ በ2004 ነው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ "ይቺ ለሴት አትሆንም" ሲባል ኖሯል ማለት ነው። ልጅዎ ዛሬ ሦስቱንም መምረጥ ትችላለች።

የእንግሊዞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1902 ነው፤ ከጂምናስቲክ ማኅበር ተገንጥሎ የወጣ ነው። የጣሊያኖቹ በ1909 ሮም ላይ ተመሠረተ። እያንዳንዱ አገር እንዲህ የየራሱን ቤት ሠራ። ችግሩ የመጣው እነዚህ ቤቶች ሲገናኙ ነው።

በዚያው በ1912 ስቶክሆልም ላይ ጣሊያኖች የኤፔ ብረት ርዝመት 94 ሴንቲ ሜትር ይሁንልን አሉ። አይሆንም ተባሉ። ከኤፔ ውድድር ራሳቸውን አገለሉ። ፈረንሳዮች ደግሞ በፎይል የላይኛው ክንድም እንደ ደረት ይቆጠር አሉ። እሱም አይሆንም ተባለ። ፈረንሳይ ከፌንሲንግ ውድድር ጭራሽ ቀረች። እስቲ ይታይዎት! ፈረንሳይና ጣሊያን ማለት እኮ ለፌንሲንግ እኛ ለረጅም ሩጫ እንደሆንነው ናቸው። አንዷ ሙሉ በሙሉ፣ ሌላዋ በከፊል፣ በጥቂት ሴንቲ ሜትርና በክንድ የተነሳ ከትልቁ መድረክ ጠፉ።

ነገሩ በዚህ መቀጠል አልቻለም። ኖቬምበር 29 ቀን 1913 የዘጠኝ አገር ሰዎች ፓሪስ ላይ ተገናኙ። ቤልጂየም፣ ቦሄሚያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሆላንድ፣ ሀንጋሪ፣ ጣሊያንና ኖርዌይ ናቸው። ዓለም አቀፉን የፌንሲንግ ፌዴሬሽን መሠረቱ። ቤልጂየማዊው አልበርት ፌይሪክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1914 የጋራው ሕግ ጸደቀ። ዛሬ የኤፔ ብረት ከ90 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የጣሊያኖቹ 94 አላለፈም። በፎይል ክንድ እስከ ዛሬ አይቆጠርም። ሁለቱም የጠየቁትን አላገኙም፤ ግን ሁለቱም በዚያው ሕግ ሥር ገብተው እስከ ዛሬ ይወዳደራሉ። ልጅዎ አለቃው ማን ነው ላለችው መልሱ ይኸው ነው፤ አብረው የጻፉት ወረቀት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከመንደራ ነው የምጽፍልዎ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ፌዴሬሽን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው ወይስ የግል? ከላይ እስከ ታች እንዴት ነው የተደራጀው? ለሴሚናር ጽሑፍ ፈልጌው ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ ለሴሚናርህ አንድ ነገር ልብ በል። የፌዴሬሽንን አደረጃጀት ብዙ ሰው ሣጥን ሣጥን አድርጎ ሥሎ ይጨርሰዋል። ሣጥኖቹን ተዋቸው። ማን ማንን ይመርጣል፣ ማን ለማን ይከፍላል፣ የተበደለ ሰው ወዴት ይሄዳል፤ እነዚህን ሦስቱን ካወቅህ አውቀኸዋል።

ዕድር ታውቃለህ። አባላት አሉት፣ መዝገብ አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ የሚመርጡት ዳኛ አለው። መንግሥት አልፈጠረውም፤ የአንድ ሰው ንብረትም አይደለም። የስፖርት ፌዴሬሽንም ሥሩ እንዲሁ ነው። ከታች ክለቦች አሉ። ክለቦቹ በአካባቢ ይሰባሰባሉ። ከእነሱ የተወከሉት በጠቅላላ ጉባኤ ይገናኛሉ። ጉባኤው ሥራ አስፈጻሚ ይመርጣል። ከዚያ በታች የዳኞች ኮሚቴ፣ የቴክኒክ ኮሚቴ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አሉ። ከአገሩ በላይ ደግሞ የአህጉሩ ኮንፌዴሬሽንና ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አሉ። የዓለም አቀፉ መቀመጫ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ነው። ዛሬ ከ150 በላይ አገሮች በአባልነት አሉበት። ከአንድ አገር የሚቀበለው አንድ ፌዴሬሽን ብቻ ነው። በጉባኤው ላይ ትልቅ አገር ትንሽ አገር የለም፤ ለእያንዳንዱ ፌዴሬሽን አንድ ድምፅ ነው።

ኦሊምፒኩም ያለ እነዚህ አይቆምም። በኦሊምፒክ ቻርተር መሠረት የአንድ አገር ኦሊምፒክ ኮሚቴ ቢያንስ አምስት ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ሊኖሩት ይገባል። ፌዴሬሽኖቹም የስም ብቻ መሆን የለባቸውም። እውነተኛና ያልተቋረጠ የስፖርት ሥራ እንዲሠሩ ቻርተሩ ያዛል። ይቺን አንቀጽ እወዳታለሁ።

መንግሥት ግን ምንም አያገባውም ማለት አይደለም። አሜሪካ በ1978 የአማተር ስፖርት ሕግ አወጣች። በዚያ ሕግ ለእያንዳንዱ ስፖርት አንድ እውቅና ያለው አስተዳዳሪ አካል ይኖራል። የቀድሞው የፌንሰሮች ሊግ በ1981 ስሙን ወደ አሜሪካ ፌንሲንግ ማኅበር የቀየረው ከዚህ በኋላ ነው። ሕጉ በቦርዱ ላይ አትሌቶች ራሳቸው እንዲቀመጡ ያስገድዳል። መጀመሪያ ድርሻቸው 20 በመቶ ነበር። በ2020 በተደረገው ማሻሻያ አንድ ሦስተኛ ሆነ። ለሴሚናርህ ይሄን አስምርበት። ብዙ ቦታ ስለ ስፖርተኛው የሚወስነው ሻሞላ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው።

የዕለት ሥራቸው ደግሞ ይህን ይመስላል። አባል ይመዘግባሉ፤ ዳኛ ያሠለጥናሉ፤ ውድድር ያዘጋጃሉ፤ ለተወዳዳሪ ደረጃ ይሰጣሉ። አሜሪካኖቹ ደረጃ የሚሰጡት ከኤ እስከ ኢ ባሉ ፊደሎች ነው፤ ከፊደሉ አጠገብ ያገኘህበት ዓመት ይጻፋል። ከግጥሚያ በፊት መሣሪያ ይፈተሻል። በኤፔ ዳኛው ሻሞላውን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ጫፉ ላይ 750 ግራም ክብደት ያስቀምጣል። የጫፉ ምንጭ ያን ክብደት መልሶ ካላነሳ ሻሞላው አይፈቀድም። ስታየው ትንሽ ነገር ነው። ግን ለሁሉም አገር፣ ለሀብታሙም ለድሃውም፣ ያው 750 ግራም ነው።

ሌላው ትልቁ ሥራቸው ተወዳዳሪ መላክ ነው። አለመላክ ምን እንደሚያስከትል ስማ። በ2004 የሴቶች ሳብር ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ገባ። ናይጄሪያ አንድ ቦታ ነበራት። የአገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ተወዳዳሪዋን ላለመላክ ወሰነ። ቦታው በደረጃ ለምትከተለው፣ ለአሜሪካዊቷ ማሪየል ዛጉኒስ ተሰጠ። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነበር፤ ሳታልፍ ቀርታ ነበር። አቴንስ ሄደች። ወርቅ ይዛ ተመለሰች። ለአሜሪካ ፌንሲንግ ከመቶ ዓመት በኋላ የተገኘ የመጀመሪያ ወርቅ ነው። ያቺ ሳትሄድ የቀረች አፍሪካዊት ግን ዛሬም ከሐሳቤ አትጠፋም። ያሸነፋት ተጋጣሚ የለም። ያስቀራት ጠረጴዛ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው።

ሕጉ እንዴት እንደሚለወጥም ጠይቀሃል ብዬ ልቁጠረው። በጁላይ 2023 ሚላን ላይ ዩክሬናዊቷ ኦልጋ ካርላን ሩሲያዊት ተጋጣሚዋን አሸነፈች። አገሯ ጦርነት ላይ ናት። እጅ አልጨበጥም አለች፤ በምትኩ ለሰላምታ ሻሞላዋን ዘረጋች። የዚያን ጊዜው ሕግ መጨባበጥን ግዴታ ያደርግ ስለነበር ከውድድሩ አሰናበቷት። ዓለም ተንጫጫ። በቀናት ውስጥ ፌዴሬሽኑ እጅ መጨባበጥን ግዴታ ማድረጉን ተወ። ካርላን በፓሪስ ኦሊምፒክ በግል ነሐስ፣ በቡድን ወርቅ አገኘች። የተማርኩባት ከተማ ላይ ቦምብ ሲወርድ የከረመበት ጊዜ ስለነበር ያን ቀን እንባዬ መጥቷል። ለሴሚናርህ ግን ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ የተጻፈ ሕግ ስለነበረ ነው የተጻፈበትን መስመር ጠቁሞ መቀየር የተቻለው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ የጅማ ልጅ ስለሆንክ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ሲመሠረት አባላቱ አራት ብቻ ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ከ1972 እስከ 1987 ኮንፌዴሬሽኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። ተጫውተዋል፤ በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ቡድን አሠልጥነዋል፤ ከዚያ ሕግና ደንብ የሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። እዚህ ከተማ ስለ ይድነቃቸው ኳስ ተጫዋችነት የሚያወራ አይጠፋም። ስለ አስተዳዳሪነታቸው የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ጽሑፍህን በእሳቸው ብትጀምር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከአጂፕ ነኝ፤ የሦስት ወንዶች ልጆች እናት። ልጆቼ ያንተን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ከፌሮ ቆርጠው ሻሞላ ሠርተው ግቢ ውስጥ ሲፋለሙ አገኘኋቸው። ነፍሴ ነው የወጣችው። ይሄ ነገር ሰው አይገድልም?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ፌሮውን ከቤት አውጪው። ዛሬውኑ። በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም።

ሰው አይገድልም ወይ ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ። ቭላዲሚር ስሚርኖቭ የዩክሬን ልጅ ነበር። በ1980 ሞስኮ ኦሊምፒክ በፎይል ወርቅ ያገኘ፣ በ1981 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። በ1982 ሮም ላይ በዓለም ሻምፒዮና ከምዕራብ ጀርመኑ ማቲያስ ቤር ጋር ተገናኘ። የቤር ሻሞላ ተሰበረ። የተሰበረው ብረት የስሚርኖቭን የፊት መከለያ ጥሶ ገባ። ከቀናት በኋላ አረፈ። እኔ ኪየቭ ስደርስ ከሞተ ጥቂት ዓመቱ ነበር። አሠልጣኛችን ስሙን ሲያነሳ ድምፁ ይለወጥ ነበር። መከለያችንን በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ሳያይ አያስገባንም ነበር።

ከዚያ ሞት በኋላ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የመሣሪያውን ሕግ አጠበቀው። ብረቱ ስንጥቅ ቶሎ የማይዛመትበት ልዩ ብረት እንዲሆን ተደረገ። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚለበሰው ልብስ 800 ኒውተን የሚባል ግፊት መቋቋም አለበት፤ ይሄ በግምት ሰማንያ ኪሎ ክብደት እንደሚጫነው ነው። የፊት መከለያው የአንገት ጨርቅ ደግሞ የዚያን እጥፍ፣ 1600 ኒውተን። ከልብሱ ሥር ሻሞላ በሚይዙበት ክንድ በኩል ሌላ መከላከያ ይደረባል። ጓንት አለ። ዛሬ በሕጉ መሠረት የሚሠራ ፌንሲንግ በጥንቃቄ የተያዘ ስፖርት ነው።

ልጆችሽ ግቢ ውስጥ የሠሩት ግን ፌንሲንግ አይደለም። መከለያ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ሕግ የለም። ፍላጎታቸውን ግን አትግደይባቸው። ከታች ለወጣቱ መምህር የሰጠሁትን መልስ አንብቢላቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጅሬን ልጅ ነኝ፤ 9ኛ ክፍል። አፍሪካዊ በፌንሲንግ ሜዳሊያ አግኝቶ ያውቃል ወይስ የፈረንጅ ስፖርት ነው?

መልስ፦ አግኝቶ ያውቃል የኔ ልጅ። ግብፃዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም በ2012 ለንደን ላይ በፎይል ብር አገኘ፤ ለአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ቱኒዚያዊቷ ኢነስ ቡባክሪ በ2016 ሪዮ ላይ በፎይል ነሐስ አገኘች። በ2024 ፓሪስ ላይ የቱኒዚያው ፋሬስ ፈርጃኒ በሳብር ብር፣ የግብፁ መሐመድ ኤልሰይድ በኤፔ ነሐስ ወሰዱ። እዚያው ፓሪስ ላይ ግብፃዊቷ ናዳ ሐፌዝ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና በሳብር ተወዳድራ አንድ ግጥሚያ አሸንፋለች። ካይሮ በ1949 የዓለም ሻምፒዮና አዘጋጅታለች፣ በ2022ም ደግማለች። ግብፆች ሜዳሊያው ላይ የደረሱት ከመጀመሪያው ዝግጅታቸው ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። በመሀሉ ክለብ ሲያቋቁሙ፣ ዳኛ ሲያሠለጥኑ ነበር።

የኒው ዮርኩን ፒተር ዌስትብሩክንም እወቀው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በሳብር ነሐስ አገኘ። በ1991 ለከተማው ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ፌንሲንግ የሚሰጥ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ ቤት የወጣችው ሎረን ስክረግስ በፓሪስ በፎይል በግል ብር፣ በቡድን ወርቅ አገኘች። ዌስትብሩክ ይህን አይቶ በዚያው ዓመት በኅዳር አረፈ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያስተማሩኝ ነኝ፤ አሁን እኔም እዚሁ ጅማ የስፖርት መምህር ሆኛለሁ። ልጆቹ በጣም ጠይቀውኛል። የምንለማመድበት አዳራሽ የለንም፣ መሣሪያ የለንም። እንጀምር ብንል ከየት እንጀምር? ፌዴሬሽን እስኪመጣ እንጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቁ። አሜሪካኖቹም እንግሊዞቹም መጀመሪያ የነበራቸው ክለብ ነው። ፌዴሬሽኑን የወለዱት እነሱ ናቸው።

አዳራሽ አያስፈልግህም። የመጋጠሚያው መስመር ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ስፋቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ በጠመኔ ማስመር ትችላለህ። መሀሉን አስምር። ከመሀሉ ግራና ቀኝ 2 ሜትር፣ 2 ሜትር ላይ የመነሻ መስመር አድርግ። መጨረሻው ከመሀሉ 7 ሜትር ላይ ነው። የመጨረሻዎቹን 2 ሜትሮች በሌላ ቀለም አጥቁራቸው፤ ተፋላሚው ወደ ኋላ ሲሸሽ ጠርዙ እንደቀረበ እንዲያውቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ሻሞላ አታስይዛቸው። እግር ብቻ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ከዚያ የፊቱን እግር አርቆ ወደ ፊት መወርወር። ጉልበት ታጥፎ፣ የኋላው እግር ወደ ጎን ዞሮ፣ ጀርባ ቀጥ ብሎ። ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አቁመህ አንዱ ሲሄድ ሌላው ርቀቱን እንዲጠብቅ አድርግ። ርቀት መጠበቅ የቻለ ልጅ ግማሹን ተምሯል። እኛን ኪየቭ ያሠለጠኑን እንዲሁ ነው፤ እጃችንን ከኋላ አስረን። የእኛ ልጆች ደግሞ እግራቸው ቀልጣፋ ነው፣ አንተም ታውቃለህ።

ከዚያ ለልጆች የሚሠራ የፕላስቲክ ፎይል አለ። ብረት የሚያዘው የፊት መከለያና ልብስ ሲገኝ ብቻ ነው። እንጨትም፣ ፌሮም፣ የብስክሌት ራጅም አይገባም። ይህን በደንቡ ላይ ጻፈው።

አዎ፣ ደንብ። ከመጀመሪያው ቀን ደብተር ክፈት። የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ፊርማ። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውድድር ለመግባት በዓመቱ ጃንዋሪ 1 ላይ 13 ዓመት መሙላት ስለሚያስፈልግ ዕድሜው በትክክል ይጻፍ። ልጆቹ ራሳቸው ሊቀመንበርና ጸሐፊ ይምረጡ፤ ሴቶችም እንዲመረጡ አድርግ። ግጥሚያችሁ በምድብ ጨዋታ ሕግ ይሁን፤ 5 ነጥብ ወይም 3 ደቂቃ። መብራት ስለሌላችሁ አራት ልጆች ማዕዘን ላይ አቁም። ድምፃቸው አንድ አንድ፣ ያንተ አንድ ተኩል። ሲከራከሩ አትቆጣ። ይከራከሩ፤ ከዚያ የተስማሙበትን ጸሐፊዋ ደብተሩ ላይ ታስፍረው። ልጆቹ ሲበረክቱና ደንቡ ሲጠና ደብተሩን ይዘህ ወደ ከተማው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂድ። ባዶ እጅህን ከምትሄድ የአባላት መዝገብና መተዳደሪያ ደንብ ይዘህ ብትሄድ ሰሚ ታገኛለህ።

የሄርማታዋን የ12 ዓመት ልጅ አባቷ ይዟት እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ መዝግባት። ረቂቅ ደንቡን ስትጨርስ ለእኔ ላክልኝ፣ አንብቤ በቀይ እስክሪብቶ እመልስልሃለሁ።